የኢዲዶው ሰማያዊ ጊታር

ሰፈራችን መጥታችሁ የበረከትን እናት ቤት ብትጠይቁ፣ «ያቺ ሰማያዊ በር ያላት» ብለው ያሳዩአችኋል። ዲላ ውስጥ ሰማያዊ በር ጠፍቶ አይደለም። የኔ ቤት ግን በሩ ብቻ አይደለም፤ መቃኑም፣ የዶሮ ቤቱም፣ ደጅ የምቀመጥባት በርጩማም ሰማያዊ ናቸው። እንዴት እንዲህ እንደሆነ እነግራችኋለሁ። አትቸኩሉ ብቻ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ደግሞ ልጆቼን ያሳደግኩት መጋዘን ውስጥ ቡና እየለቀምኩ ነውና መልቀም ምን ያህል ወገብ እንደሚቆርጥ አውቃለሁ።

በረከት የመጨረሻ ልጄ ነው። ገበያው ዳር ትንሽ ሱቅ አለችው፤ ስፒከር፣ ማይክ፣ የመኪና ቴፕ ይጠግናል። በዚህ የምታፍር እናት የለችም። ጣጣው ከሥራ ሲመለስ ነው። የሰው ልጅ ከሥራ ሲመለስ ኳስ ያያል፣ ከጓደኛው ጋር ይጫወታል። የኔው አሮጌ ቤዝ ጊታር ያክማል።

ቤዝ ጊታር የማታውቁ ካላችሁ አትፈሩ፤ እኔም አላውቅም ነበር። አራት ወፋፍራም ክር ያለው፣ አንገተ ረዥም፣ ከመዝሙሩ ሥር ሥር እየሄደ «ዱም ዱም» የሚለው ነው። ሲኖር ማንም ልብ አይለውም፤ ሲጠፋ ግን መዝሙሩ አንድ እግሩ የወለቀ ወንበር ይሆናል። እንደ እናት ማለት ነው። ይህን ስለው በረከት ሳቀ። እኔ ግን አልቀለድኩም።

ደግሞ ያገኘውን ሁሉ አይሰበስብም። የጃፓን ካልሆነ፣ ያውም የድሮ ካልሆነ፣ ያውም ኮፒ ካልሆነ አይፈልግም። ሰው ኦሪጅናል ይላል እንጂ ኮፒ ብሎ አገር ለአገር የሚዞር አይታችሁ ታውቃላችሁ? እሱ እንደሚለው አሜሪካኖቹ ጊታር ሠሩ፤ ጃፓኖቹ አይተው፣ ፈታተው፣ ለክተው ቁርጥ ያንኑ ሠሩ። መጀመሪያ ሰው ሳቀባቸው። ኋላ ግን ኮፒው አምሮ ሲወጣ ባለቤቶቹ ደነገጡ አለኝ። ከእነዚያ መሃል ጥቂቶቹ በሚሲዮን ሻንጣ፣ በድሮ ወታደር ባንድ፣ በማን እንደመጡ በማይታወቅ መንገድ ወደኛ አገር ገቡ። ብዙ ዞረው ዞረው በመጨረሻ የሚያርፉት የገጠር ጸሎት ቤት ነው። በረከት አዲስ የቻይና ጊታር ይሰጣቸውና አሮጌውን ይወስዳል። ተመርቆ ነው የሚመለሰው፤ ሰው አሮጌ ሰጥቶ አዲስ ሲቀበል ለምን አይመርቅ?

እንዲህ እንዲህ እያለ ክፍሉ ውስጥ ስምንት ሰቀለ። ክረምት ሲሆን እንጨቱ እርጥበት ይጠጣና አንገቱ ይጎብጣል። እሱ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ሊያሰጣቸው ሲል ተው አልኩት። የታጠበ ቡና ለማድረቂያ በተሠራ የሽቦ አልጋ ላይ ሲሰጣ ቀትር ላይ ይሸፈናል፤ አለዚያ ይሰነጠቃል። እንጨትስ ምን ለየው? ጠዋት ጠዋት አውጥቶ ቀትር ላይ በኔ ነጠላ መሸፈን ጀመረ። አጥር ላይ የተደረደሩትን ያየች ጎረቤቴ እትዬ ዘነበች ቆማ ቀረች። እሷ ጨርቅ ነጋዴ ናት፤ ለሥላሴ በዓል ጠበል ጻድቅ ትጠራኛለች፣ እኔ ለገና እጠራታለሁ፣ ምላሷ ግን በዓል አያውቅም። «አንቺ የበረከት እናት፣ ልጅሽ ኮፒውን እንዲህ ከሸፈነ፣ ኦሪጅናሏን ያገባ ቀን በጥጥ ሊጠቀልላት ነው!» አለችኝ።

እኔ ግን በኮፒ ነገር አልስቅም። መጽሐፉ ሰው በእግዚአብሔር መልክ ተፈጠረ ይላል። ታዲያ ከመሃላችን ኮፒ ያልሆነ ማን አለ? ጭንቁ ጥሩ ኮፒ ሆኖ መገኘቱ ላይ ነው።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ኢዲዶ፣ ከይርጋጨፌ ወዲያ፣ የተወለድኩበት አገር ነው። ከዚያ ጸሎት ቤት ጋሽ ጅግሶ ጊታር ይዞ መጣ። ጋሽ ጅግሶ ቡና ገበሬ ነው፤ ከጎረምሳነቱ ጀምሮ ያንን ጊታር የሚመታው እሱ ነው። ቁጥብ ሰው ነው፤ ሰላምታ እንኳ ሲሰጥ የሚያበድር ይመስላል። ጊታሩ ያጉረመርማል፣ አልፎ አልፎም ጭራሽ ዝም ይላል፣ ጠግንልን አለ። ቀለሙም እዚህ እዚህ ጋ ተላጧል፣ እሱንም እየው ብሎ ሄደ።

በረከት አየው። ምነው ባላየው!

ጊታሩ ሰማያዊ ነበር። የሰማይ ሰማያዊ አይደለም፤ የበር ሰማያዊ። ይህ እንዴት ይሆናል የምትሉ የኛን አገር አታውቁም። በኛ ዘንድ ቀለም ተርፎ አይጣልም። ለኮንፈረንስ እንግዳ ሲመጣ በሩና መስኮቱ ይቀባል። የተረፈው ለመድረኩ ይሆናል። ከመድረኩ የተረፈው የመባ ሣጥኑን ይቀባል። ከሣጥኑም ትንሽ ተረፈ። ጊታሩ እዚያው ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ምን ይደረግ ታዲያ?

በተላጠበት በኩል ማር የመሰለ እንጨት ብልጭ አለ። ከዚያ በኋላ ልጄን የሚይዘው ጠፋ። በጠርሙስ ስባሪ ፋቀ፣ በቲነር አጠበ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሰ። ጫፍ ጫፉ ቡናማ፣ መሃሉ ማር፣ ራሱ ላይ የጃፓኑ ስም የተጻፈበት ጊታር ወጣ። ውስጡንም በካውያ በያየደው፤ ማጉረምረሙን ተወ። የበረከት ፊት ልጅ የተወለደለት ሰው ፊት ሆነ።

አንድ ነገር ብቻ አልድን አለው። ቀጭኗ ክር ላይ አንዲት ቦታ አለች፤ እዚያ ሲጫኗት ድምፁ «ዱም» ብሎ ሳይጨርስ ውሃ እንደተደፋበት ፍም ድርግም ይላል። የእንጨቱ ጠባይ ነው፣ ብዙ ጊታር ላይ አለ አለኝ። ራሱ ላይ ከባድ ነሐስ ቢታሰርበት ይሻለው ይሆናል ብሎ ነሐስ ሊፈልግ ብድግ አለ። እኔ ቆጮ አቅርቤ ነበር። ተወው፣ ፍጹም አንድ ጌታ ብቻ ነው፣ ቁጭ በልና ብላ አልኩት። ቁጭ ብሎ በላ፤ ነሐሱም ተረሳ። ይህን ቆጮ ያዙልኝ፤ ኋላ ይጠቅመናል።

ጊታሩን በብርድ ልብስ ጠቅልለን አብረን ሄድን። እኔ ዘመድ ልጠይቅ ብዬ ነው፤ ውነቱን ለመናገር ግን ሲያመሰግኑት መስማት አማረኝ። እስከ ይርጋጨፌ በአውቶቡስ፣ ከዚያ በሞተር። ስንደርስ የሰው ሁሉ ፊት ጨልሟል። ለካ ጾም ጸሎት ታውጇል። የወንድሜ ሚስት ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ ጸሎት ቤታችን ቀዝቅዟል አለችኝ። በጌዴኦኛ የሚዘምሯት አንዲት የምስጋና መዝሙር አለች። በየስንኙ መጨረሻ ሴቶቹ እልል ይላሉ፤ እልልታውን ስሰማ ስንት ጊዜ ዕንባዬ መጥቷል! ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ግን እልልታው ጠፋ። ሽማግሌዎቹ ደንግጠው ኃጢአት ገብቶብናል አሉ፤ ጾሙ ለዚያ ነው።

እንግዲህ ሆዱ ባዶ፣ ልቡ የተጨነቀ ሕዝብ ፊት ብርድ ልብሱን ገለጥነው።

እኛ ውዳሴ ስንጠብቅ ሰዉ ጊታሩን እያገላበጠ እርስ በርሱ ይተያይ ጀመር።

መጀመሪያ አፏን የከፈተች አንዲት የመዘምራን ልጅ ናት። «ጋሼ፣ የኛ እኮ አዲስ ነበር! ይሄ ያረጀ ነው። የኛን ለማን ሸጥክብን?»

አንዲት አሮጊት ከኋላ፣ «ቀይ ፍሬ አስረክበን ገለባ መለሰልን» አሉ።

በረከት ቀለሙን አስለቅቄው ነው፣ ከሥር የነበረው ይሄው ነው እያለ ቢምል ቢገዘት ማን ይስማው? ስልኩን አወጣና ሲፍቅ ያነሣውን ፎቶ አሳየ። ይሄኔ ዳነ ብዬ ነበር። አንዱ ጎልማሳ ስልኩን አገላብጦ አየና፣ «ወንድሜ፣ እኔ ባለፈው ሳምንት በስልክ አንበሳ መኪና ሲነዳ አይቻለሁ» ብሎ መለሰለት።

የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ አቶ ዋቆ ጨዋ ሰው ናቸው። ሌባ አላሉም። «ልጄ፣ ያመጣኸው ጊታር አይጠላም። የኛ ግን አይደለም» አሉ። እስቲ ንገሩኝ፣ ከዚህ ወዲያ ሌባ ለማለት ምን ቀረ?

ጌዴኦ ነገር ሲከብድበት ሶንጎ ይቀመጣል። ሽማግሌዎች ክብ ሠርተው፣ ተራ በተራ፣ ማንም ማንንም ሳያቋርጥ ነገር ያያሉ። ጸሎት ቤቱ ደጅ ላይ እንደ ሶንጎ ተቀመጡ። አንደኛው ይህ ልጅ ቤቱ ውስጥ ስምንት ጊታር ሰቅሏል ይባላል፣ ሁሉም ከየጸሎት ቤቱ የወጣ ነው አለ። እውነት ነው። ግን እውነት በዚያ አፍ ስትወጣ እንዴት ታስፈራለች! በመጨረሻ አቶ ዋቆ ፍርዱን ተናገሩ። ሰማያዊው ጊታር እስከ እሑድ ካልመጣ ነገሩ ከኢዲዶ እስከ ወርቃ ላሉ ጸሎት ቤቶች ሁሉ ይነገራል።

ሰማያዊ ጊታር ከየት ይመጣል? የሌለ ነገር ነው። ስም ደግሞ ከመቃብር በላይ ይውላል። አባቱ ሲያርፍ ለዚህ ልጅ ያወረሰው ከስሙ ሌላ ምን ነበርና? ያውም በተወለድኩበት አገር፣ እምብርቴ በተቀበረበት! ነጠላዬን ፊቴ ላይ ጣል አድርጌ ጌታ ሆይ፣ አንተ ታውቃለህ አልኩ። ሌላ ጸሎት አልመጣልኝም።

ያን ጊዜ ጋሽ ጅግሶ ተነሣ። እስከዚያ ድረስ አንድ ቃል አልተነፈሰም ነበር። «ተራዬን ስጠብቅ ነበር» አለ። ሶንጎ አይደል? ቀድሞ ቢናገር ኖሮ ስንት ላብ ይተርፈን ነበር! ጊታሩን አንሥቶ ወደ ውስጥ ገባ፤ ሁላችንም ተከተልነው። መብራት ነበር። እሱንም ከተአምር ቁጠሩት።

ጊታሩን ሰክቶ ያቺን የምስጋና መዝሙር ጀመረ። ሰው ሳይወድ በግዱ ማዜም ያዘ። የስንኙ መጨረሻ ላይ ሲደርስ ቀጭኗ ክር «ዱም» አለችና ድርግም! መዝሙሩ መሃል ጉድጓድ ተከፈተ። ከሴቶቹ መሃል እልልታው ፈንድቶ ጉድጓዱን ሞላው። ቀድማ እልል ያለችው ማን መሰለቻችሁ? ያቺው «ለማን ሸጥክብን» ያለችው ልጅ። ወዲያው አፏን በእጇ ያዘች።

ጋሽ ጅግሶ መምታቱን ትቶ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረ። «ይህ ክር እዚህ ጋ ከድሮም ይሞታል። እኔ አፍር ነበር። እነዚህ እህቶቼ ክፍተቱ ጭር ሲልባቸው ነው እልል ማለት የጀመሩት። ጊታራችን ጥገና ሲሄድ የተዋስነው ጊታር አዲስ ነው፤ ክሩ አይሞትም። የሚሞላ ነገር ሲያጡ ዝም አሉ። እናንተ መንፈስ ቀዘቀዘ ብላችሁ አስጾማችሁን።»

«ታዲያ ምነው ቀድመህ አልነገርከንም?» አሉ አቶ ዋቆ።

«ጾም መቼ ይጎዳል?» አለ ጋሽ ጅግሶ።

ሳቁ ጣራውን ሊያነሣው ደረሰ። በረከትን ተራ በተራ አቀፉት፣ ይቅርታ ጠየቁት፤ አሮጊቷ አንድ ዘለላ ሙዝ አሸከሙት። እኔ ያንን ቆጮ አሰብኩ። ነሐሱን አስሮበት ቢሆን ኖሮ ክሩ ይድን ነበር፣ ልጄ ደግሞ ይሞት ነበር። በዚያች እልልታ ዕንባዬ ይመጣ የነበረውስ? እሱንም አሰብኩት። ጌታ በሞተ ክር ካስለቀሰኝ ምን አገባኝ ብዬ ተውኩት።

እዚህ ላይ ባቆም ደስ ባለኝ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ብዬ፣ መልካም ምክር ሰጥቼ በሸኘኋችሁ። ነገር ግን ልንወጣ ስንል አቶ ዋቆ በረከትን ትከሻውን ይዘው ጊታሩን አየት አደረጉት። «እሺ ልጄ፣ የኛው መሆኑ ታውቋል። እንግዲህ ቀለሙንስ መቼ ትመልሳለህ? ኮንፈረንሱ ደርሷል፤ ከበሩ ጋር መግጠም አለበት።»

የበረከትን ፊት ማየት አልቻልኩም። አዲስ የቻይና ልስጣችሁና ይህን ልውሰድ ብሎ ለመነ። እልልታችንን ልትወስድ ነው ወይ ብለው ሳቁበት።

እናም የጠራው እውነት ዲላ ተመልሶ ተቀባ። በረከት መጀመሪያ ከሥር ቫርኒሽ አለበሰው፤ ወደፊት እንደኔ ያለ እብድ ሲመጣ ቀለሙ በቀላሉ ይለቅለታል አለኝ። ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ በሚባል ሁኔታ ሰማያዊውን ቀባ። አሁን ኢዲዶ ይዘመራል፣ ክሩ ይሞታል፣ እልልታው ይፈነዳል።

ቀለሙ ግን በትልቅ ቆርቆሮ ነበር የተገዛው። ነግሬአችኋለሁ፤ በኛ ዘንድ ቀለም ተርፎ አይጣልም። በሩን ቀባሁ፣ መቃኑን ቀባሁ፣ የዶሮ ቤቱን ቀባሁ፣ በርጩማዬን ቀባሁ። አሁንም ቆርቆሮው ሥር ትንሽ አለ። አንድ ቀን ብሩሹን እንደያዝኩ የበረከትን ክፍል ገርበብ አድርጌ፣ ስምንቱ ጊታሮች እንዴት ከበሩ ጋር ይሄዱ ነበር እያልኩ ቆሜ ሳለሁ ከኋላዬ መጣ።

ከዚያን ቀን ወዲህ ክፍሉን ቆልፎ ነው የሚወጣው።