የዝይ ድልድይ ክፍት ይሁን!

[ኔዘርላንድ፣ ፍሪስላንድ ውስጥ፣ ቦይ በሚቆራርጣት ከተማ፣ የዝይ ድልድይ ላይ። ድልድዩ ጀልባ ሲመጣ ወደ ላይ የሚነሳ ነው። ለጥገና ተብሎ ለመኪና ተዘግቶ ስለከረመ፣ የሰፈሩ ሰው በጋውን ሙሉ ወንበርና የአበባ ማሰሮ እያወጣ ተቀምጦበታል። አሁን ጥገናው አለቀ፤ ከተማው መኪና ሊመልስ ነው። የሰፈሩ ኮሚቴ ሊቀመንበር ቼርድ ትልቅ ባነር የብረት አጥሩ ላይ ያስራል። ጎረቤቱ ዳወ የባነሩን አንድ ጫፍ ይዟል። የዳወ እናት ፍራውኪና ጓደኛዋ ሌምኪ ድልድዩ መሀል ወንበር ላይ ተቀምጠው ያወራሉ።]

ዳወ፦ አልጎትትም አልኩህ!

ቼርድ፦ ጎትት ስትባል ጎትት! ተሸብሽቧል። "ክፍት" የሚለው ተጣጥፎ "ክፉ" መስሏል።

ዳወ፦ "ድልድዩ ክፉ ይሁን።" እሱም ይሻላል።

ቼርድ፦ ምን አልክ?

ዳወ፦ ምንም። እየጎተትኩ ነው።

ቼርድ፦ እስቲ ጮክ ብለህ አንብበው።

ዳወ፦ [በጣቱ እየተከተለ] "የዝይ ድልድይ... ክፍት... ይሁን!"

ቼርድ፦ ሰውነትህን አይወርርህም?

ዳወ፦ የወረረኝ ነፋሱ ነው። አንድ ነገር ልጠይቅህ?

ቼርድ፦ አንድ ብቻ።

ዳወ፦ ድልድዩ ክፍት ከሆነ እኛ የት ነው የምንቀመጠው?

ቼርድ፦ እዚሁ ነዋ!

ዳወ፦ ክፍት ሆኖ?

ቼርድ፦ ክፍት ሆኖ!

ዳወ፦ [ወደ ሰማይ እያየ] በምን ተንጠልጥለን?

ቼርድ፦ ምን ማለት ነው በምን ተንጠልጥለን?

ዳወ፦ ድልድይ ተከፈተ ማለት ተነሳ ማለት ነዋ። ደወል ይደወላል፣ ወለሉ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ጀልባ ያልፋል። እኛ ከተማ ሌላ ትርጉም የለውም። አንተ ራስህ ለገዛ ሰርግህ የዘገየህ ጊዜ ምን ብለህ ነበር?

ቼርድ፦ "ድልድዩ ተከፍቶብኝ" ብዬ... እሱን ተወው! ይሄ ሌላ ነው። ይሄ በመንፈሱ ነው ክፍት።

ዳወ፦ በመንፈሱ?

ቼርድ፦ ለሕዝብ ክፍት! ለእግረኛው፣ ለብስክሌተኛው፣ ለሚያወራው፣ ተቀምጦ ለሚያዛጋው!

ዳወ፦ ለመኪናስ?

ቼርድ፦ ለመኪናማ ዝግ!

ዳወ፦ እንግዲያው የምትፈልገው ዝግ ነው።

ቼርድ፦ የምፈልገው ክፍት ነው!

ዳወ፦ እሺ። ማዶ ያለው ጎማ ሻጭም እንዳንተው ነው የሚለው።

ቼርድ፦ ጎማ ሻጩ? መኪና ይመለስ እያለ የሚጮኸው?

ዳወ፦ ጠዋት ባነርህን አይቶ "ቼርድ በመጨረሻ ልብ ገዛ! እኔም እኮ የምለው ይከፈት ነው" ብሎ ደስ አለው። ሄሪንግ ጋበዘኝ።

ቼርድ፦ የጠላትን ዓሣ በላህ?

ዳወ፦ በሽንኩርት።

ቼርድ፦ አንተን ይዤ ነው እንግዲህ ከተማ የማሳምነው! ለመሆኑ ያ ካርቶን ምንድን ነው?

ዳወ፦ የቱ?

ቼርድ፦ እናትህ ጉልበት ላይ ያለው!

ዳወ፦ የኔ ነው። እኔም ቀለም ተርፎኝ ጻፍኩ።

ቼርድ፦ [ጎንበስ ብሎ ያነባል] "ድልድዩ ዝግ ይሁን።" ዝግ! [በሳቅ ይፈነዳል] ሰዎች፣ ኑ ስሙ! ከተማው ዘጋብን ብለን ስንጮህ የኛው ሰው "ዝጉልን" ይላል!

ዳወ፦ ከተማው እኮ ሊከፍት ነው የሚለው።

ቼርድ፦ ዝም በል፣ ታምታታኛለህ። እማማ ፍራውኪ፣ ይቅርታ፣ ይቺን ካርቶን በጀርባዋ ያዙሩልኝ። ልጅዎ ጉድ ሊሠራን ነው። [ካርቶኑን ይገለብጣል]

ዳወ፦ አትውሰድባት፣ ነፋስ ትከላከልበታለች።

ቼርድ፦ አልወሰድኩም፣ ገለበጥኩ። አሁን ስማኝ። ወይዘሮ ሪክስት፣ የከተማው የመንገድ ኃላፊ፣ ዛሬ ይመጣሉ።

ዳወ፦ በብስክሌቷ?

ቼርድ፦ "በብስክሌታቸው" በል! አይደለም፣ ዛሬ በመኪና ነው። ከነጋዴዎቹ ጋር ሆነው ከማዶ ተነስተው ድልድዩን ያቋርጣሉ። "ይኸው፣ መንገዱ ዝግጁ ነው" ሊሉ ነው።

ዳወ፦ እና አንተ ምን ታደርጋለህ?

ቼርድ፦ መሀል ላይ ቆሜ በሜጋፎን ንግግር አደርጋለሁ።

ዳወ፦ መኪናዋ ከቆመ ነዋ።

ቼርድ፦ ባነሩን ሲያነቡ ይቆማሉ።

ዳወ፦ "ክፍት ይሁን" የሚል አንብባ የምትቆም ምን ቸግሯት? "ክፍት ነው እኮ" ብላ ታልፋለች። እኛ ወንበር አቅፈን እንቀራለን።

ቼርድ፦ ዳወ፣ አንተ ጥሩ ጎረቤት ነህ። ቆሻሻ ታወጣልኛለህ፣ ድመቴን ትመግባለህ። ማሰቡን ግን ለኔ ተውልኝ።

ዳወ፦ ተውኩልህ። [ወደ ቦዩ አንገቱን ያሰግጋል]

ቼርድ፦ ምን ታያለህ?

ዳወ፦ ዳክዬ።

ቼርድ፦ ሰው ስለ አገር ጉዳይ ሲያወራ ዳክዬ ታያለህ?

ዳወ፦ አገሩን አላውቅም። እኔ የማውቀው እማዬን ነው። እሷና ሌምኪ አንዷ ወዲህ አንዷ ወዲያ ማዶ ሆነው ስንት ዓመት በመስኮት እጅ ሲነሳሱ ኖሩ። በዚያ ሁሉ መኪና መሀል በምርኩዝ ማን ይሻገራል? ዘንድሮ መኪናው ሲቀር መሀል ላይ ተገናኙ። አየኻቸው? አፋቸው አልገጠመም። መኪናው ከተመለሰ እማዬም ወደ መስኮቷ ናት። እሱ ነው የሚያቃጥለኝ።

ቼርድ፦ [ወረቀት እያገላበጠ] እሱማ ንግግሬ ውስጥ ገብቷል። "ማኅበራዊ ትስስር" የሚለው ስር።

ዳወ፦ እማዬ የታለች?

ቼርድ፦ "አረጋውያን" ብያታለሁ።

ዳወ፦ ሌምኪስ?

ቼርድ፦ እሷም እዚያው "አረጋውያን" ውስጥ ናት።

ዳወ፦ ተጣብበዋላ። [እንደገና ወደ ቦዩ ያያል]

ቼርድ፦ አሁንም ዳክዬ ነው?

ዳወ፦ ቀረብ እያለ ነው።

ቼርድ፦ ምን ዓይነት ዳክዬ ነው ይሄን ያህል?

ዳወ፦ ትልቅ ነው።

[ደወል ይደወላል። ማገጃው ላይ ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል። ሰው ሁሉ የለመደውን ያደርጋል፤ የተቀመጠበትን ወንበር ብድግ አድርጎ ወደየዳሩ ይበተናል።]

ቼርድ፦ አሁን? ኃላፊዋ ሊደርሱ ሲሉ? የየትኛው ሥራ ፈት ጀልባ ነው!

ዳወ፦ [የእናቱን ወንበር በአንድ እጁ፣ እናቱን በሌላው ይዞ] ነይ እማዬ፣ ቀስ በይ። ሌምኪ፣ የብስኩቱን ጣሳ ያዢልኝ።

ቼርድ፦ ወዴት ነው? በወዲህ! ቤታችሁ በወዲህ ነው!

ዳወ፦ በወዲያ ፀሐይ አለ።

ቼርድ፦ ባነሩን ፍታልኝ እንጂ!

ዳወ፦ አንተ ነህ ያሰርከው። እንዳይፈታ አድርገህ ነው ያሰርከው።

[ቼርድ ከቋጠሮው ጋር ይታገላል። ወለሉ መነሳት ሲጀምር ሜጋፎኑን አቅፎ ወደ ወዲህኛው ዳር ይዘላል። ድልድዩ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ባነሩ ከነአጥሩ ወደ ሰማይ ተሰቅሎ ይታያል። ቦዩ መሀላቸው ነው፤ ከዚህ በኋላ የሚያወሩት በጩኸት ነው።]

ቼርድ፦ ዳወ! መጡ ወይ?

ዳወ፦ መጣች! መኪናዋ ቆሟል!

ቼርድ፦ "መጡ" በል! ምን እያደረጉ ነው?

ዳወ፦ ባነርህን እያነበበች ነው! አንገቷን አጣማ!

ቼርድ፦ ምን አሉ?

ዳወ፦ "ሊቀመንበሩ የተመኘው ይኸው ሆነለት" አለች!

ቼርድ፦ ኧረ እንዲያ አይደለም በላቸው! ክፍት ማለት መኪና የማይገባበት ማለት ነው በላቸው!

ዳወ፦ [ዞር ብሎ አውርቶ ይመለሳል] ነገርኳት! "አሁንስ የሚገባ መኪና አለ?" አለችኝ!

ቼርድ፦ ሰው ግን ይገባበት በላቸው!

ዳወ፦ "በመሰላል ነው?" ትላለች!

ቼርድ፦ አቤት! ቆይ እኔ ራሴ እነግራቸዋለሁ! [በሜጋፎን] ክብርት ኃላፊ! የሰፈራችን ድምፅ አንድ ነው! ክፍት ይሁን! ዛሬም ክፍት! ነገም ክፍት!

ዳወ፦ ቼርድ! ተው!

ቼርድ፦ [በሜጋፎን] ክፍት! ክፍት!

ዳወ፦ ኧረ ተው! ጀልባው አልፎ የድልድዩ ጠባቂ ሊያወርደው ሲል "ክፍት" ስትል ሰምቶ መልሶ አነሳው! ኮሚቴው ያዘዘው መስሎታል!

ቼርድ፦ የታባቱ! አሁን ኃላፊዋ ምን እያደረጉ ነው?

ዳወ፦ ከመኪናዋ ወርዳለች! ወንበር ሰጠኋት! እማዬና ሌምኪ መሀል ተቀምጣለች!

ቼርድ፦ ንግግሬን ሳይሰሙ?

ዳወ፦ እማዬ የመስኮቱን ነገር እያወራቻት ነው! ብስኩት ሰጠቻት!

ቼርድ፦ አንድ ሰጥታ ጣሳውን ትከድናለች! አውቃታለሁ!

ዳወ፦ ከድናው ነበር! አሁን መልሳ ከፈተችው!

ቼርድ፦ ምን?

ዳወ፦ ሁለተኛ ብስኩት ሰጠቻት!

ቼርድ፦ ሁለት?! እኔ ጎረቤቷ ሆኜ ስኖር ከአንድ በላይ ቀምሼ አላውቅም! የገና ዕለት እንኳ!

ዳወ፦ አንተ ስትበላ እያወራህ ነው! ቆይ፣ ኃላፊዋ ካርቶኑን አነሳችው! አዞረችው! እያነበበችው ነው!

ቼርድ፦ ቀማቸው! ወደ ቦዩ ጣለው! አዋረድከን! ድልድዩን ያውርዱልኝ፣ ልምጣ! [ወደ ጠባቂው ቤት ዞሮ በሜጋፎን] አንተ ጠባቂ! ዝጋው!

ዳወ፦ ቼርድ! ወይዘሮ ሪክስት "ሰፈሩ የሚፈልገው በአንድ ቃል ምንድን ነው?" ትላለች! እኔ አላውቅም፣ ሊቀመንበሩን ጠይቂ አልኳት!

ቼርድ፦ [ጠባቂውን ብቻ እያየ፣ በሜጋፎን] ዝጋው ነው የምልህ! ዝጋ!

ዳወ፦ "እርግጠኛ ነው?" ትላለች!

ቼርድ፦ [እንዳለ] አሁኑኑ ዝጋው! ሁለተኛ እንዳትከፍተው! ማንም መጥቶ ክፈት ቢልህ አትስማው! እኔ ነኝ የምልህ፣ የኮሚቴው ሊቀመንበር!

ዳወ፦ እሺ! ሰምታሃለች!

[ድልድዩ ቀስ እያለ ይወርዳል። ባነሩ ከአጥሩ ተገንጥሎ ውኃው ውስጥ ወድቋል። ቼርድ ወረቀቱን እያራገበ ይሮጣል። ማዶ ሲደርስ የኃላፊዋ መኪና ዞሮ በመጣበት ሲመለስ ያያል።]

ቼርድ፦ የት ሄዱ? ንግግሬስ!

ዳወ፦ አበቃ። "ከወዲህም ከወዲያም አንድ ቃል ነው የሰማሁት" አለች። እስከ ሌላው በጋ ድረስ ለመኪና ዝግ ሆኖ ይቆያል። ያኔ ምክር ቤቱ ይነጋገርበታል።

ቼርድ፦ ዝግ... ለመኪና?

ዳወ፦ ለመኪና። ካርቶኑንም ይዛው ሄደች። ጎማ ሻጩ ተናዶ ሄሪንጌን መልስ ብሎኛል።

ቼርድ፦ [ወንበር ፈልጎ ይቀመጣል] ቆይ። እኔ... አሸነፍኩ?

ዳወ፦ እጅህን ልጨብጥህ።

ቼርድ፦ እኔ እኮ በአንድ ቃል ነው ያሳመንኳቸው! ሰማህ አይደል? "ዝጋው!" አልኩ። አጭር ነው፣ ጠንካራ ነው። እንዲህ ያለ ቃል ከየትም አይመጣም፣ ከውስጥ ነው የሚመጣው። ያ የማንም ሥራ ፈት ጀልባ ድንገት ባይመጣ... [ቅድም ያለፈውን ጀልባ ያያል፤ ዳሩ ላይ ታስሯል። ባለጀልባው ለዳወ ባርኔጣውን ያነሳል።] ያ... ያ የእህትህ ባል አይደለም?

ዳወ፦ ዎብከ ነው። ዓይንህ ደህና ነው።

ቼርድ፦ እሱ ጀልባውን የሚያወጣው እሁድ እሁድ ነው። ዛሬ ማን ጠራው?

ዳወ፦ ዳክዬው እሱ ነበር።

ቼርድ፦ አንተ! አንተ ነህ ድልድዩን ያስነሳኸው!

ዳወ፦ መኪና ውስጥ ያለ ሰው እማዬን አያያትም። ኃላፊዋ መውረድ ነበረባት። መቀመጥም ነበረባት። ባዶ ወንበሩም አንድ ብቻ ነበር።

ቼርድ፦ ለዚህ ነው ወደ ፀሐይ ያልከው! ካርቶኑንስ ስገለብጠው ለምን ዝም አልክ?

ዳወ፦ የተገለበጠ ነገር ሰው ያያል። ፊት ለፊት ያለውን ማን ያነባል?

ቼርድ፦ ሰው አይደለህም! ሰይጣን ነህ! እኔ ሊቀመንበርህ አይደለሁም? ይሄን ሁሉ ስታስብ ለምን አልነገርከኝም?

ዳወ፦ [የብስኩቱን ጣሳ ከፍቶ አንድ ያወጣና ቼርድ አፍ ውስጥ ይከትለታል] ብነግርህ ኖሮ እስከ ማታ ጎማ ሻጩም ይሰማው ነበር። ከድልድዩ በፊት መዘጋት የነበረበት አፍህ ነው። [ጣሳውን ይከድናል]