በበግ ስም የመጡት ሴሎች

የአባትና የአያታችሁን ስም ሳይጠይቁ ሰላምታቸውን የማይጨርሱ ሰዎች አልገጠሟችሁም? ጉለሌ የምሠራበት ላብራቶሪ አለቃ ዶክተር ስንዱ ከእነሱም ይብሳሉ፤ በብልቃጥ የሚያድጉ የእንስሳት ሴሎችን እንኳ ዘራቸውን ሳያጣሩ አያሠሩም።

ለባልደረባዬ ለብሩክ ከሌላ ላብራቶሪ የበግ ኩላሊት ሴሎች መጡለት። ሴሎቹን መመገብ ደግሞ የእኔ ሥራ ነው። የመመረቂያ ጥናቱ፣ አንድ የበግ በሽታ ቫይረስ በበግ ሴል ውስጥ እንዴት እንደሚራባ ማሳየት ነው።

«መጀመሪያ ዲ ኤን ኤያቸው ይመርመር» አሉ ዶክተር።

«ዶክተር፣ ብልቃጡ ላይ ‹በግ› ተብሎ ተጽፏል እኮ! ልንድራቸው ነው እንዴ ዘር የምንቆጥረው?»

«ሸጎሌ ገበያ በግ ስትገዛ፣ ሻጩ ‹ሙክት ነው› ስላለህ ብቻ ወገቡን ሳትጨብጥ ትከፍላለህ?»

ብሩክ አኮረፈ። ውጤቱ እስኪመጣ ምሳውን ለብቻው በላ። በእኛ አገር ከዚህ የከፋ ኩርፊያ አለ?

ውጤቱ ሲመጣ ሴሎቹ የጦጣ ሆነው ተገኙ።

«ዶክተር፣ ይህን ይዤ ፈታኞቼ ፊት ቆሜ ቢሆን ኖሮ...» አለ ብሩክ።

«አይዞህ ልጄ፤ ገና ምንም አልጻፍክም። የበጉን እናስመጣለን።»

ጎንበስ ብሎ እጃቸውን ሳመ። እኔም ከጥግ ሆኜ፣ እንዲህ ያለውን ነዝናዛ ያብዛልን አልኩ፤ ጦጣውን በበግ ስም ዓመቱን ሙሉ የምመግበው እኔ ነበርኩና።