የሰይድ በረራ

ሳይጠየቅ የአገር ርቀት የሚነግር ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? የመርሳው ጎረቤቴ ሰይድ እንዲያ ነው። አውሮፕላን ተሳፍሮ ባያውቅም፣ ከቦሌ ጂዳ፣ ከቦሌ ቤጂንግ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ፣ ነፋስ ከፊት ሲመጣ ስንት ደቂቃ እንደሚጨምር ያብራራል። ማን ሰማይ ወጥቶ ይመስክርበት?

በጦርነቱ የወልድያ መንገድ በተዘጋ ጊዜ፣ ሱቁ በር ላይ ስለ ቤጂንግ በረራ ሲያስረዳን እትዬ ዘይነባ አቋረጡት።

«አንተ ሰይድ፣ ከዚህ ወልድያስ?»

«በሚኒባስ ከግማሽ ሰዓት ብዙም አይበልጥም፣ እናቴ» አለ።

ሚስቱ ከድጃ መንገዱ ሳይዘጋ እህቷን ልትጠይቅ ወልድያ ስትሄድ፣ «ለምሳ እደርሳለሁ» ብላው ነበር። ሁለት ወር አለፋት።

«ምነው ቤጂንግ በሄደች» አለ ሰይድ። «ይኸኔ አሥር ጊዜ ተመልሳ ነበር።»