ቁጭ ብድግና የዕድራችን ጎላ

ወንበር የሚያቀርብላችሁን ሰው ጠርጥሩት። የምሬን ነው። እኔን የሺን ሃምሳ ዓመት እስኪሞላኝ ድረስ ማንም «ቁጭ በይ» ብሎኝ አያውቅም። ልጅ ሆኜ «ተነሺ ውሃ ቅጂ»፣ ካገባሁ በኋላ «ተነሺ እንግዳ መጣ» ነበር። ሃምሳ ሁለት ሲሆነኝ ግን አገሩ ሁሉ የተማከረ ይመስል ወንበር ይዞ መጣ። ቤተ ክርስቲያን ቁጭ በይ፣ ሰርግ ቤት ቁጭ በይ፣ ገዛ ቤቴ ውስጥ ቁጭ በይ። መቼም ሰው ሲወድ ነው። እኔ ግን ከዚህ ፍቅር ለማምለጥ ብረት እስከማንሳት ደርሻለሁ። ቆይ፣ ከመጀመሪያው ላውራላችሁ።

የመጣብኝን ነገር ታውቁታላችሁ። ሐኪሞቹ ማረጥ ይሉታል። ስሙ ራሱ ደስ አይልም፤ ከማርጀት ጋር አንድ ቤት ያደገ ይመስላል። እናቶቻችን ስሙን አይጠሩትም ነበር፤ «ቆመ» ብለው ያልፉታል። ኧረ ምኑ ነው የቆመው? እንቅልፍ ይሄዳል፣ ሙቀት ይመጣል፣ ጉልበት ይንቋቋል፣ ንዴቱ ደግሞ ምርቃት ነው።

አንድ ሐምሌ ላይ፣ ዝናቡ እንደ ጉድ እየወረደ፣ ከላፍቶ ወደ ጎፋ በታክሲ ስሄድ ያ ሙቀት ከደረቴ ተነሳ። ነጠላዬን ጣልኩ፣ ሹራቤን አወለቅኩ፣ አልሆነም። መስኮቱን ከፈትኩት። ወይ ጉድ! በአዲስ አበባ ታክሲ ውስጥ መስኮት ከመክፈት ኪስ ማውለቅ ይሻላል። ከኋላ ያለው ሰውዬ ብርድ ልታስመቺን ነው ወይ አለ፣ አንዷ ሳንባዬ አለች፣ ሾፌሩ ሳይቀር በመስታወት ገላመጠኝ። አጠገቤ የተቀመጠች፣ ዕድሜዋ ከእኔ እኩል የምትሆን ሴትዮ ግን እጇን ዘረጋችና መስኮቱን የባሰ ከፈተችው። አየኋት፣ አየችኝ። ግንባሯ ላይ ላብ ችፍ ብሏል። ጎፋ እስክንደርስ ሁለታችንም ዝናብ ፊታችንን እያጠበን ሄድን።

ይሄ ሁሉ ግን ቀላሉ ነው። ነገር የተበላሸው በጎላው ነው።

ጎላ ዕድራችን ለለቅሶ የሚያወጣው ትልቁ ድስት ነው። ሕፃን ልጅ ገብቶበት ሊታጠብ ይችላል። ወጥ ሞልቶ ከእሳት የሚያወርዱት ሁለት ሴቶች ናቸው፤ አንዷ በዚህ ጆሮ፣ አንዷ በዚያ ጆሮ። አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ አንደኛው ጆሮ የእኔ፣ ሌላው የጫልቱ ነበር። ጫልቱ ጎረቤቴ ናት፤ ኮንዶሚኒየማችን ሳይሠራ በፊት ቦታው የአባቷ የጤፍ ማሳ ነበር። «አንቺ የምትተኚው እኮ አባዬ በሬ የሚያስርበት ላይ ነው» ትለኛለች። አራተኛ ፎቅ መሆኔን ትረሳዋለች። ብቻ ምን ልላችሁ ነው፣ ሰው ሁሉ ማዕረግ አለው አይደል? አንዱ ሻምበል ነው፣ አንዱ ዲያቆን ነው። የእኔ ማዕረግ የጎላው ጆሮ ነበር።

ታዲያ አንድ ለቅሶ ላይ ምስር ወጡ ደረሰ፣ በስመ አብ ብለን ብድግ ስናደርገው የግራ እጄ ከዳኝ። ተዉት። ለእግዚአብሔር ምስጋና ይግባውና ሰው አልተቃጠለም፤ ምስሩ ግን እንደ ሰኔ ጎርፍ ወደ ድንኳኑ ሄደ። የሴቶቹ አለቃ እትዬ አስካለ ናት። ከስድሳ አልፋለች፣ ድምጿ ብቻ ብሎክ ያንቀሳቅሳል። ብትሰድበኝ ኖሮ መልስ አላጣም ነበር። አልሰደበችኝም። ወንበር አመጣችልኝ። «ነይ የኔ እናት፣ ከዛሬ ጀምሮ አንቺ ቁጭ ብለሽ ሽንኩርት ላጪ፤ የደከምሽው ይበቃል» አለችኝ።

ሽንኩርት መላጥ ነውር ነው አልወጣኝም። ግን በእኛ ዕድር ሽንኩርቱ ጋ የሚቀመጡት እነማን ናቸው? ወገባቸው የተያዘ፣ ዓይናቸው የደከመ፣ ጆሯቸው የከበደ። ከሽንኩርት ቀጥሎ ያለው ሹመት እኮ ድንኳን የሚተከልለት ሰው መሆን ነው።

ያን ቀን እየላጥኩ አለቀስኩ። የለቅሶ ቤት ጥሩነቱ፣ እንባን ማንም ምክንያት አይጠይቀውም። ለሟቹ ይሁን፣ ለሽንኩርቱ ይሁን ማን ያውቃል? እኔ ግን አውቀዋለሁ። ለእናቴ ነበር።

እናቴ በመጨረሻ ዕድሜዋ እኛ ጋ ነበረች። አንድ ቀን ደረጃው አዳለጣት። ምንም አልሆነችም፤ ነፍሷ ልትወጣ የደረሰችው እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲያ ወንበር አቀረብኩላት። መጥረጊያ ስትይዝ እቀማታለሁ። ውሃ ልትቀዳ ስትነሳ «እማዬ ቁጭ በይ፣ እኔ ምን ልሠራ ነው ያለሁት?» እላታለሁ። ጎረቤቱ ሁሉ መረቀኝ፤ የሺ እናቷን እንዴት ትጦራለች ተባለልኝ። መጀመሪያ ወደ ታች መውረድ ተወች። ቀጥሎ በረንዳ መውጣት ተወች። አንድ ቀን «የሺዬ፣ እግሬ እኮ የማን እንደሆነ ረሳ» አለችኝና አብረን ሳቅን። አንድ እሑድ እንግዳ ሲገባ እንደ ወጓ ልትነሳ ስትል ወደቀች፤ ዳሌዋ ተሰበረ። ከዚያ በኋላ አልተነሳችም። በፍቅር ነው ያስቀመጥኳት፣ ምን ላድርግ? እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። እና እትዬ አስካለ ያንን ወንበር ስታቀርብልኝ የማን ወንበር እንደሆነ ገባኝ። ወይ ወደ ጎላው ጆሮ እመለሳለሁ፣ ወይ እንደ እናቴ እዚያው እቀራለሁ። መሃል የለውም።

በማግስቱ ሐኪም ቤት ሄድኩ። ዶክተሯ ልጄ ልትሆን ትችላለች፤ ግን ረጋ ያለች ናት። ከመረመረችኝ በኋላ፣ የእጄ መክዳትም የጉልበቴም ነገር ከዚሁ ከማረጥ ጋር የተያያዘ ነው፣ ጡንቻ ይቀንሳል፣ አጥንት ይሳሳል አለችኝ። ከዚያ «ብረት መጀመር አለብዎት» አለች።

እኔ ብረት አውቃለሁ። ልጄን ያረገዝኩ ጊዜ ለደም ማነስ ያዘዙልኝ ኪኒን ነው። «ስንት ጊዜ ልውሰድ?» አልኳት። በሳምንት ሦስት ቀን ይበቃል፣ ከትንሹ ጀምረው ቀስ እያሉ ከፍ ያደርጉታል አለች። ከምግብ በፊት ነው በኋላ ስላት፣ በባዶ ሆድ አይሁን፣ እንደበሉም አይሁን አለችኝ። መጀመሪያ ትንሽ ያማል፣ ሰውነትዎ ሲለምደው ይተዋል አለችኝ ደግሞ። ይሄ ሁሉ ከኪኒን ጋር አይሄድም ወይ? ፍርዱን ለእናንተ እተዋለሁ።

ፋርማሲ ገባሁና ብረት ስጡኝ አልኩ። ባለሙያው ምን ያህል ታዘዘልዎት አለኝ። ከትንሹ ጀምሬ እየጨመርኩ ነው አልኩት። እስከ ስንት? እስከምችለው ድረስ። ሰውዬው መነጽሩን አወለቀ። እማማ፣ ያዘዘልዎት ሰው ጠላትዎ ነው ወይ? ተመልሰው ይጠይቁ ብሎ በትህትና አስወጣኝ። ተመለስኩ። ዶክተሯ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ጠረጴዛው ላይ ተደፋች። «ማንሳት እንጂ መዋጥ ማን አለዎት!» «እኔ ነኝ ብረት የማነሳው?» ስላት «ታዲያ እኔ ላንሳልዎት?» አለችኝ።

ባሌ ደምሴ ጡረታ የወጣ መካኒክ ነው። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ከሶፋው ጋር ተጋብቷል፤ እኔ ዘመዳቸው ሆኛለሁ። ነገሩን ስነግረው ጋዜጣውን አወረደ። «በሃምሳ ሁለት ዓመትሽ ብረት ልታነሺ? ወዴት ልትሸፍቺ ነው?» ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ ብሎ ተረተብኝ ደግሞ። ስለማወቅ ነው እንጂ ስለማንሳት ተረቱ ምንም አይልም ብዬው ወጣሁ።

ጂሙ ለቡ ነው፤ የግንባታ ብረት የሚሸጥበት ሱቅ ፎቅ ላይ። ብረት የሚነሳው እዚህ ነው ወይ ብዬ ብጠይቅ ባለሱቁ ባለ አሥራ ሁለት ነው ባለ አሥራ አራት፣ መኪና ይዘሻል ወይ አለኝ። ለሰው ሞት አነሰው። ፎቁ ላይ ደግሞ ክንዳቸው የእኔን ወገብ የሚያክል ጎረምሶች መስታወት ፊት ቆመው ራሳቸውን ያደንቃሉ። እኔ በሻሽ፣ በረጅም ቀሚስ፣ ከሥር የደምሴን የስፖርት ሱሪ አድርጌ ገባሁ። ልመለስ ስል አሠልጣኟ ብርቱካን መንገዴ ላይ ቆመች። ቀጭን ናት፣ ዓይኗ ግን አያስመልጥም።

መጀመሪያ የነገረችኝ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? «እትዬ የሺ፣ ቁጭ በይ።» ደሜ ፈላ። አንቺም?! ወንበር ሽሽት ለቡ ድረስ መጥቼ? ለማንኛውም ብዬ ወንበሩን ብፈልግ የለም። ወንበር እንዳለ አድርገሽ አስቢና ዝቅ በይ አለችኝ። አስቤ ዝቅ አልኩ። ልክ ልቀመጥ ስል «ብድግ!» አለች።

እንግዲህ ይታያችሁ። በሕይወቴ ቁጭ በይ ካሉኝ ሰዎች ሁሉ ብድግን የጨመረችልኝ እሷ ብቻ ናት። ቁጭ ብድግ! ልጅ ሆነን አርፍደን ስንመጣ መምህራችን የሚቀጡን በዚህ ነበር፤ ለካ ለአጥንታችን አስበው ኖሯል። እኔ ግን አሥር ሳልሞላ እናቴ ትዝ አለችኝና እንባዬ መጣ። ብርቱካን ጉልበቴን ያመመኝ መስሏት ደነገጠች። አይደለም፣ ቁጠሪ አልኳት።

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል። የእንቁላሉን እንጃ፤ እኔ ግን የውሃ ፕላስቲክ ከምታክል ዳምቤል ጀምሬ ከሦስት ወር በኋላ አራት ፎቅ ሳላርፍ ወጣሁ። ድሮ ሦስተኛው ፎቅ ላይ የሰው በር ተደግፌ፣ ሰላም ልላቸው የቆምኩ አስመስዬ ነበር የምተነፍሰው። ሰዎቹ መቅረቴን አይተው ተቀየመችን ብለዋል አሉ። ሙቀቱ ግን አልለቀቀኝም፤ ብረት ሁሉን ነገር ያድናል ብዬ አልዋሻችሁም። ብቻ አሁን ሲመጣብኝ ጉልበት ያለው ሰው ላይ ነው የሚመጣው።

ቀኑ ደረሰ። ብሎክ አምስት ለቅሶ ሆነ። እኔ ሽንኩርቴ ጋ ነኝ። ጎላው ተንተክትኳል፣ ጫልቱ በአንዱ ጆሮ ቆማለች፣ በእኔ ቦታ የተተካችው ልጅ ደግሞ ስልክ ልታነሳ ብላ የት እንደገባች አይታወቅም። ወጡ ሊያር ነው። ተነሳሁ። እትዬ አስካለ ከሩቅ «አንቺ! ቁጭ በይ ብዬሻለሁ!» ብላ ጮኸች። ጨርቁን ያዝኩ። ጫልቱ ዓይን ዓይኔን አየችኝና ቀስ ብላ «እርግጠኛ ነሽ?» አለች። በውስጤ ብርቱካን «ብድግ!» አለች። አነሳነው። ጠብታ አልፈሰሰም። ለቅሶ ቤት ባይሆን ሴቶቹ እልል ይሉ ነበር። እኔ ቆሜ እጄን አየሁት። «እማዬ» አልኩ።

በሦስተኛው ቀን እትዬ አስካለ ቤቴ መጣች። ወንበር አቀረብኩላት፤ አልቀመጥም አለች። ወዲያ ወዲህ አየችና በዚያ ብሎክ በሚያንቀሳቅስ ድምጿ እያንሾካሾከች «ያ ብረት ቤት የት ነው?» አለችኝ። ከእሷ በኋላ ጫልቱ፣ ከጫልቱ በኋላ ሌሎቹ። አሁን ሰኞ፣ ረቡዕ፣ ዓርብ ዘጠኝ ሴቶች በሻሻችን ሆነን መስታወቱን ስለምንይዘው ጎረምሶቹ ተራ ይጠብቃሉ።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነው ነገሩ። ያለፈው ወር አቶ እንግዳ አረፉ። ነፍሳቸውን ይማረውና ጠበኛ ነበሩ። በውሃ ታንከሩ፣ በመኪና ማቆሚያው፣ በሰው ዶሮ ያልተጣሉት ጎረቤት የለም። እና ጎላው ተጣደ፣ ጎላውን የሚያነሳ ሴት በሽ ነው፤ ስድስት ሴት ለሁለት ጆሮ ትጋፋለች። ሽንኩርቱ ግን ጆንያው እንደታሰረ ቁጭ ብሏል። ወንበሮቹም ባዶ ናቸው። እትዬ አስካለ ማን ይልጣል ብላ ብትጠይቅ ሁላችንም ወደ ሰማይ አየን። ከዚያ ሁላችንም አንድ ላይ ወደ ድንኳኑ አየን። ደምሴና ጓደኞቹ ካርታ ይጫወታሉ። በጥሩ ሁኔታ ተቀምጠዋል።

ጆንያውን በትከሻዬ ተሸክሜ ሄድኩና መሃላቸው ዘረገፍኩት። ቢላ አደልኳቸው። ደምሴ ተነስቶ ሊከራከር ሞከረ፤ ክንዴን አየና ተወው። ብዙም ሳይቆይ የድንኳኑ ወንድ ሁሉ ይነፋረቅ ጀመር። ልክ በዚህ ሰዓት የአቶ እንግዳ እህት ከአገር ቤት ደረሱ። ድንኳኑ አፍ ላይ ቆመው እነዚያን ሽማግሌዎች አዩና ደረታቸውን ያዙ። «ወንድሜ ሰው የሌለው መስሎን ስንሰጋ፣ እንዲህ ይወዱት ኖሯል!» ብለው ተንሰቀሰቁ። ሽንኩርት ነው የሚል አንድ ሰው አልተገኘም። ደምሴ፣ ዓይኑ ቀልቶ፣ አፍንጫው እየፈሰሰ፣ በአክብሮት ሊነሳላቸው እጁን ወንበሩ ላይ አስደገፈ።

«ቁጭ በል» አልኩት ቀስ ብዬ። ብድጉን ሽንኩርቱ ሲያልቅ እነግረዋለሁ።