በኮች ፔቲግሩ ግቢ የተተከለው ሰሌዳ

(ምዕራብ ቴክሳስ፤ ቅዳሜ ጠዋት። ሃርላን በከተማው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የአሜሪካ ፉትቦል አሠልጣኝ በኮች ፔቲግሩ ግቢ፣ ሣሩ ላይ «የሚሸጥ ቤት» የሚል ሰሌዳ በመዶሻ ይተክላል። ኤልሮይ ጫማ ሳያደርግ በካልሲው ከቤቱ ወጣ።)

ኤልሮይ፦ ኧረ ሃርላን፣ ሣሩን ተው! ትናንት ነው ያጨድኩት።

ሃርላን፦ ሣሩንም ታጭድለታለህ? ጎሽ! ጫማውንስ አትጠርግለትም? ለመሆኑ በዚህ ጠዋት ኮቹ ቤት ምን ትሠራለህ?

ኤልሮይ፦ እዚሁ ነዋ ያደርኩት።

ሃርላን፦ ልታጽናናው? አሽቃባጭ! ትናንት በአንድ ነጥብ ተበልቶ ከውድድር አስወጣን እኮ!

ኤልሮይ፦ በሃያ ስድስት ዓመት አራት ጊዜ የቴክሳስን ዋንጫ አምጥቶልናል።

ሃርላን፦ ያ ድሮ ነው! እዚህ አገር ኮች ሲሸነፍ «ቤትህን ሽጠህ ውጣልን» ተብሎ ግቢው ሰሌዳ ይተከልለታል፤ አለቀ። ዘንድሮ ሁለቴ ተሸነፈ፣ ሁለቴ ተከልኩለት።

ኤልሮይ፦ የመስከረሙንም አንተ ነህ? እኔ እኮ የምር መስሎኝ...

ሃርላን፦ ዝም በል፣ አንተ ምን ይገባሃል! ይሄ ዘዴ ነው። ኮቹ ይደነግጥና ልጄን ኮልቢን የቡድኑ ዋና ኳስ ወርዋሪ ያደርገዋል። የሚቀጥለው የትምህርት ቤት የመጨረሻ ዓመቱ ነው። ወንበር ሲያሞቅ ከጨረሰ የትኛው ዩኒቨርሲቲ ዞር ብሎ ያየዋል?

ኤልሮይ፦ ኮቹም «የሚቀጥለው ዓመት የኮልቢ ነው» ሲል ሰምቼዋለሁ።

ሃርላን፦ (መዶሻውን ከፍ አድርጎ) አየህ? ሰሌዳዬ ሠራ! ጥራው እስቲ።

ኤልሮይ፦ የለም።

ሃርላን፦ አፍሮ ተደበቀ?

ኤልሮይ፦ ሄደ። መስከረም ላይ ሰሌዳውን አየሁና አንኳኩቼ «ስንት ነው?» አልኩት። መጀመሪያ ሳቀ። ቀጥሎ ሰሌዳውን ደጋግሞ አየው። ከዚያ ሸጠልኝ።

ሃርላን፦ ምኑን?

ኤልሮይ፦ ቤቱን ነዋ። ትናንት ከጨዋታው በኋላ ዕቃውን ጭኖ ዳንከን ዌልስ ከተማ ገባ። የነሱ ኮች ሆኗል።

ሃርላን፦ (መዶሻው ከእጁ ወደቀ) ዳንከን ዌልስ? ሁልጊዜ በጨዋታ የምንደበድባቸው? ልጄስ?

ኤልሮይ፦ ኮልቢማ ሶፋውን ተሸክሞ አብሮት ሄደ። ሎሬታም ኮልቢ ለነሱ እንዲጫወት ጠዋት እዚያ ቤት ልትከራይ ስትወጣ አገኘኋት።

ሃርላን፦ ሚስቴ? ለኔ ምንም ሳትነግረኝ?

ኤልሮይ፦ «እሱ ሁሉን ያውቃል፤ መንገር አያስፈልግም» አለችኝ። (ቀረብ ብሎ፣ በለሆሳስ) ስማኝማ ሃርላን፣ ታናሽ ወንድሜ ቤት ይፈልጋል። ያንተን በስንት ትሸጠዋለህ?