የአቶ ውሰዱት ስልሳ ሦስት ሥዕሎች

እግዜር ሰው ሲፈጥር ለአንዳንዱ «እምቢ» የምትለዋን ቃል መስጠት ይረሳል። እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት ሰፈር ካያችሁ ንገሩኝ፣ እኔ ፍሬም መሥራት አቆማለሁ። እኔ ካቆምኩ ደግሞ የዚህ ከተማ ፎቶ ሁሉ ግድግዳ ላይ በማስቲሽ መለጠፉ ነው፤ ከእኔ ሌላ ፍሬም ሠሪ የለማ! ሌላው ሣጥን ቀጥቃጭ ነው። ፊደል አልቆጠርኩም፣ ሜትርም አልይዝም፤ በዓይኔ ለክቼ የገጠምኩት እንጨት ግን መርፌ አያስገባም። እንዲያውም አንድ መሐንዲስ መጥቶ... ተዉት፣ ወደ ሰውዬው ልመለስ።

የእኛ ሰፈሩ ሰዓሊ ነው። ክቡር አቶ ውሰዱት። ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ፤ ስም በማውጣትም የሚስተካከለኝ የለም። ለሆስፒታሉ አልጋ መግዣ፣ ለጣሪያው ማደሻ፣ ለምን ለምን ገንዘብ ይሰብሰብ በተባለ ቁጥር የኮሚቴዋ ሰብሳቢ፣ ክብርት እመቤት፣ ሽቶዋን አስቀድማ ለጨረታ የሚሆን ሥዕል ልትለምን ትመጣለች። «ለበጎ ነገር ነው እኮ! ደግሞም ስምዎ ይታወቅልዎታል።» እሱም አንገቱን ደፍቶ «ውሰዱት» ይላል።

አሁን ጥርስ ነቃዩን «ና የኮሚቴውን ጥርስ በነጻ ንቀል፣ ስምህ ይታወቅልሃል» የሚለው አለ? ቧንቧ ሠሪውንስ? ሰዓሊ ግን ሲያስነጥስ ሥዕል የሚወጣው ይመስላቸዋል።

አንዱ ዝግጅት ላይ አብሬው ሄጃለሁ፣ ሱፍ ለብሼ። ሱፍ ደግሞ ያምርብኛል። እሱ ሥዕሉ አጠገብ ቆሞ ቀና ብሎ የሚያይለት ሰው ሲጠብቅ አንዱ እንግዳ ባዶ ብርጭቆውን አስጨበጠውና «ድገመኝ» አለው። ሄዶ ቀድቶ አላመጣለትም መሰላችሁ? አመጣለት! ቀጥሎ ጨረታ ሆነ። ለስፖንጅ ፍራሹ ሰው ተናነቀ። ተራው የሥዕሉ ሲሆን አዳራሹ እንደ ለቅሶ ቤት ጸጥ። አጫራቹ ጨነቀውና ሥዕሉን ፍራሹን ለገዛው ሰው መረቀለት። የሦስት ወር ሥራ፣ የፍራሽ ምርቃት!

«ምን ቸገረህ ጋሼ» አለኝ ስንመለስ። «ፍራሹ ላይ ጋደም ብሎ ያየዋል።»

በምትኩ የምስክር ወረቀት ይሰጡታል፤ እሱም ላይ ስሙን ያጣምሙበታል። ሚስቱ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ «ይኼን ልቀቅልልህ ወይስ ልጥበስልህ?» ትለው ነበር። እሳት የላሰች ሴት ነበረች። የእሱም «እምቢ» እሷ ነበረች፤ በር ላይ ቆማ ስንቱን ሥዕል አስጥላለች።

በኩላሊት ሞተች። በዓመቱ ክብርት እመቤት ለኩላሊት ክፍል ማሽን መግዣ ብላ መጣች። ሰውዬው ቤቱን ዞር ዞር ብሎ አየና የሚስቱን ሥዕል ከግድግዳ አወረደ። መስኮት ስር ተቀምጣ የሸሚዝ ቁልፍ ትተክላለች፣ ፊቷን አኮሳትራ፤ አሁን የምትሳደብ ነው የምትመስለው።

«አብደሃል እንዴ? እሷን ትሰጣለህ?» አልኩት ፍሬሙን እየሠራሁ።

«ለእሷው በሽታ አይደል ጋሼ? ሌላ ብሰጥ ትታዘበኛለች።»

ከዚያ ወዲህ ብሩሽ አልነካም። ጠዋት ጠዋት እኔ ሱቅ መጥቶ ጉቶው ላይ ይቀመጥና «የት ተሰቅላ ይሆን? ብርሃኑ በግራ ቢመጣላት ጥሩ ነበር» ይለኛል።

የት እንዳለች እኔ አውቃለሁ። በሁለተኛው ወር አንድ ባለመኪና ይዟት መጥቶ ነበር። «አባባ፣ ሴትዮዋን አውጣና የልጄን የምረቃ ፎቶ አስገባበት። ፍሬሙ በጣም ቆንጆ ነው።»

«ሴትዮዋንስ?»

«ጣላት።»

በሕይወቴ ፍሬሜ ተመስግኖ ያልኮራሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

አልጣልኳትም። እሷን ብቻም አይደለም፤ ስንት ዓመት ሙሉ «አውጣው፣ ጣለው» እየተባልኩ ያስቀመጥኳቸው የእሱ ሥዕሎች ጓዳዬ ውስጥ፣ ከጣውላው ጀርባ፣ አርባ ደርሰዋል። ለማንም አልተነፈስኩም። እኔ! ወሬ የማያድርብኝ ሰው!

ባለፈው ሳምንት ግን መጣና ጉቶው ላይ ሳይቀመጥ፣ «ኮሚቴው ቢሮ ሄጄ የገዛትን ሰው አድራሻ ልጠይቅ ነው። አንዴ ልያትና ቀለሙንም ሸራውንም ለሰው ሰጥቼ ልረፍ» አለኝ።

ሄዶ «ጣልናት» ሊባል! እጁን ይዤ ወደ ጓዳ አስገባሁት።

አያት። ከዚያ ሌሎቹን አንድ በአንድ እያነሳ አገላበጣቸው። ብዙ ቆየ፤ መቆም ለጉልበቴ አይሆንም፣ ተቀመጥኩ።

«ስንት ናቸው?»

«አርባ። እሷን እንኳ ቤትህ ውሰዳት እንግዲህ።»

«አይ ጋሼ፣ አንተ ጋ ትሁን። ቤት ካለች ይጠይቁኛል። ራሴን አውቀዋለሁ።»

በሩ ጋ ደርሶ ቆመ። በጣቱ ሲያሰላ አየሁት። «እስከ ዛሬ የሰጠሁት ስልሳ ሦስት ነው» አለ። «ካንተ ሌላ ፍሬም ሠሪ የለም ትል የለ? እንግዲያ ሃያ ሦስቱ ተሰቅለዋል ማለት ነው።»

«ከእኔ ሌላ ማን አለና!» አልኩት፣ ደረቴን ነፍቼ።

ወጥቶ ወደ ቀለም መሸጫው ሲታጠፍ በመስኮት አየሁት።

ገበያው ጀርባ ሦስት ፍሬም ሠሪዎች አሉ። ሁለቱ ከእኔ ይሻላሉ። እነሱ ጣሉ ሲባሉ ይጥላሉ። ይኼን ለእሱ የሚነግር ሰው ካለ ግን ደጄን አይርገጥ፤ የእናቱንም ፎቶ ቢሆን በማስቲሽ ይለጥፍ።