ኮት ያሟላው ምልዓተ ጉባኤ

የጋራ ሕንፃው ነዋሪዎች የፈጠራ ኮሚቴ ቃለ ጉባኤ
ቀን፦ ሐሙስ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት
ቦታ፦ ከደረጃው ሥር ያለው ክፍል

የተገኙ፦ ሰብሳቢው (ጡረታ የወጡ ርዕሰ መምህር)፣ የንብረት ኃላፊዋ እትዬ ቆልፌ (ቅጽል ስም)፣ ፀጉር አስተካካዩ፣ ልብስ ሰፊዋ። ጸሐፊው ድምፅ የለውም። ምልዓተ ጉባኤው አምስት ነው። የታክሲ ሹፌሩ ኮታቸውን ወንበር ላይ ሰቅለው «መጣሁ» ብለው ስለወጡ ኮቱ ተቆጥሮ ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል።

1. ለሕንፃው ስለገባው እጅግ ፈጣን የኢንተርኔት መስመር

ሰብሳቢው «እንዲህ ያለ ነገር ማንም እንዳሻው ከተጠቀመበት ያልቃል» ሲሉ አስረዱ። ከረጅም ውይይት በኋላ የወደፊት ፈጠራዎች ዕቅድ እስኪጸድቅ የመስመሩ መሣሪያ ጠፍቶ በብረት ሣጥን እንዲቆለፍ ተወሰነ። እትዬ ቆልፌ ወዲያው ቆልፈው ቁልፉን ኪሳቸው ከተቱ።

2. ስለ ወደፊት ፈጠራዎች

ፀጉር አስተካካዩ እዚህ ተቀምጠው ባሕር ማዶ ያለ ደንበኛ የሚላጩበት ማሽን አቀረቡ። «ጆሮ ቢቆረጥስ?» ተብለው ሲጠየቁ፣ መስመሩ ፈጣን ስለሆነ ይቅርታውም ቶሎ እንደሚደርስ ገለጹ። ጸደቀ። እትዬ ቆልፌ ማን ገባ ማን ወጣ የሚናገር በር ጠየቁ። ፀጉር አስተካካዩ «እርስዎ እያሉልን! ያውም ያለ መብራት የሚሠሩ» በማለታቸው ይቅርታ እንዲጠይቁ ተደረገ፤ በከፊል ጠየቁ።

3. ከልብስ ሰፊዋ የቀረበ ጥያቄ

ልጃቸው የነፃ ትምህርት ፈተና በኮምፒውተር የምትወስደው ዛሬ 9 ሰዓት ተኩል ላይ መሆኑን፣ የስልኩ መስመር በልምምዱ ሁለት ጊዜ እንደከዳትና ከተቋረጠ ሁለተኛ ዕድል እንደሌለ ገለጹ። ሰብሳቢው «እህት ዓለም፣ ፈተና እኮ ፈጠራ አይደለም» አሉ። ከረጅም ውይይት በኋላ ማመልከቻ በሦስት ቅጂ አዘጋጅተው በሚቀጥለው ወር እንዲያቀርቡ ተወሰነ። «ጋሼ፣ የቀረን እኮ ሃያ ደቂቃ ነው!» ማለታቸው እንደ አስተያየት ተመዝግቧል።

4. ልዩ ልዩ

9 ሰዓት ከሩብ ላይ ልብስ ሰፊዋ ተነሥተው፣ «የኮቱ ገበር ተተርትሯል፣ ልጠቅመው» በማለት ኮቱን ይዘው ወጡ። ሰብሳቢው «ኧረ ኮቱን! አባል እኮ ነው!» ሲሉ ተሰምተዋል። ጸሐፊው ቢቆጥር ሦስት ሰው ቀርቷል። ሰብሳቢው ራሳቸው ባረቀቁት ደንብ ደግሞ ምልዓተ ጉባኤ የጎደለበት ስብሰባ ውሳኔ ሁሉ ከመነሻው እንዳልነበረ ይቆጠራል። እርሳቸውም ደንባቸውን ከልጆቻቸው አብልጠው ስለሚወዱ፣ ከተራ ቁጥር 1 እስከ 3 የተወሰነው ሁሉ መሻሩን እያዘኑ አስታወቁ። እትዬ ቆልፌ «ይቆለፍ ካልተባለማ ምን አስቆለፈኝ?» ብለው ሣጥኑን ከፍተው መሣሪያውን አበሩ።

ስብሰባው 9 ሰዓት ከ25 ተበተነ። አባላት ልጅቷ ለፈተናው ስለተቀመጠች ደረጃውን በጫማቸው ጫፍ ወጥተዋል፤ ይህ ውሳኔ ሳይሆን የልብስ ሰፊዋ ትእዛዝ ነው።